ምን ላምጣልህ?

«ጋሼ፣ ምን ላምጣልህ?»

ይህቺን ጥያቄ የማያውቃት የአዲስ አበባ ሰው አለ ብዬ አላምንም። ባሕር ማዶ ዘመድ ያለው ሁሉ ጊዜ ጠብቃ ትመጣበታለች። መልሷም እንደ ጥያቄዋ የታወቀ ነው፤ «ኧረ ምንም! አንተ ብቻ በሰላም ና!» ጠያቂው ይህ «ምንም» እውነተኛ ምንም እንዳልሆነ ያውቃል። ተጠያቂውም ጠያቂው ማወቁን ያውቃል። እናላችሁ ሻንጣው ሲከፈት በአንድ ቁጥር የሚጠብ ጫማ፣ ለአዲስ አበባ ፀሐይ የማይሆን ካፖርት፣ የአጥንት ቪታሚንና ሽቶ ይወጣል። «እግዜር ይስጥልኝ» ብለን ተሳስመን እንቀበላለን። ጫማው ለጎረቤት ልጅ ይሰጣል፣ ካፖርቱ ቁም ሳጥን ይገባል፣ ቪታሚኑ የፍሪጅ አናት ላይ ዓመቱን ይጨርሳል።

እኔም ከሃያ ዓመት በላይ «ምንም» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ባለፈው መስከረም ግን ሜሪላንድ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ለገና እንደሚመጣ ነግሮኝ የተለመደችውን ጥያቄ ሲያስከትል፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አፌ አመለጠኝ።

«የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ።»

ስልኩ ፀጥ አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ! ሃሎ!» አልኩ።

«አለሁ ጋሼ። ምን አልከኝ?»

«የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ። ከነማጠንጠኛው።»

ባለቤቴ ከማዕድ ቤት ብቅ አለች። «አንተ ሰውዬ፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማህም?» ብላኝ ወደ ወጧ ተመለሰች።

ነገሩ እንዲያው ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን የሄሚንግዌይን «ሽማግሌውና ባሕሩ» ለስንት ዙር ተማሪ እንዳስነበብኩ እኔም አላውቀውም። ሽማግሌው ሳንቲያጎ 84 ቀን ባዶ እጁን ከርሞ በመጨረሻ ጀልባውን የሚያክል ዓሣ ይይዛል። ዘንግ የለውም፤ ማጠንጠኛም የለውም። ክሩን በመዳፉና በጀርባው ነው የሚይዘው። እኔም ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ስለዚያ ክር መወጠር፣ ስለዚያ መዳፍ መቆረጥ ስተነትን ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «መምህር፣ እርስዎ አጥምደው ያውቃሉ?» አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ገጽ ገልጬ ቀጠልኩ። በዕድሜዬ አንዲት ዓሣ በመንጠቆ ይዤ አላውቅም ነበር። ያቺ ጥያቄ ግን እንደ እሾህ ስትወጋኝ ኖራለች።

ታዲያላችሁ፣ የእህቴ ልጅ ለካ ዓሣ አጥማጅ ኖሯል! ቅዳሜ ቅዳሜ ፖቶማክ ወንዝ ዳር የሚውል፣ ባስ የሚሉትን ዓሣ የሚያሳድድ ሰው። ይህን እኔ አላውቅም። ሥራውን አውቃለሁ፣ የቤቱን ዕዳ አውቃለሁ፣ ልቡ የት እንደሚውል ግን አላውቅም። «ዘንግ» ያልኩት ቀን ድምፁ ተለወጠ። እስከዚያ ዕለት ድረስ በየእሑዱ የምናወራው የአራት ደቂቃ ወግ፣ ማለትም «ደህና ነህ? እትዬ ደህና ናት? ኑሮ እንዴት ነው? ዶላር ስንት ገባ?» የምትለው፣ ከዚያ እሑድ ጀምሮ አንድ ሰዓት መሙላት ጀመረች።

«መጀመሪያ ዘንጉን ተወው» አለኝ። «ውሃውን ንገረኝ። ከዳር ቆመህ ነው የምታጠምደው ከጀልባ? ውሃው ጥርት ያለ ነው ድፍርስ? ሣር አለው? ምን ዓይነት ዓሣ አለበት?»

ወገኖቼ፣ እኔ የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ክፍለ ከተማዬ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ነው። ስሙ የመጣው ያለ ሽቦ ከሚያናግረው የድሮው የሬዲዮ ጣቢያ ነው ይባላል፤ ስለዚህ በንፋስ የመጣ ወሬ ለእኛ ብርቅ አይደለም። ውሃ ካላችሁኝ ግን የሰፈራችን ውሃ ትንሹ አቃቂ ነው። ድልድዩን ስትሻገሩ የታክሲ መስኮት የሚያስዘጋው ወንዝ። ከፋብሪካው፣ ከጋራዡ፣ ከሽንት ቤቱ የሚወርድለትን ሁሉ ተሸክሞ ቁልቁል ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል። በአቃቂ ውሃ በሚለማው አትክልት ላይ ከባድ ብረታ ብረት መገኘቱን ተመራማሪዎች ከጻፉ ሃያ ዓመት አልፏል። አንድ ዘመን ለከተማዋ መብራት ይሰጥ የነበረውን አባ ሳሙኤልንም እምቦጭ ወርሮታል። የመካኒሳ ልጆች ሆነን ልብስ የምናጥብበት፣ የምንዋኝበት ወንዝ ነበር ብላችሁ ዛሬ የሚያምናችሁ ልጅ የለም።

«ድፍርስ ነው?» አለኝ።

«ድፍርስማ ድፍርስ ነው» አልኩት። «ዓሣው ነው የጎደለው።»

ሳቀ። እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙም አልሳቅሁም። ዘንግ ለመግዛት የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ጥያቄ ውሃ አለህ ወይ የሚል መሆኑን አላሰብኩበትም ነበር። ተነጋግረን ላንጋኖ ላይ ተስማማን። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ የሚቻል ነው፤ ዳሩም ለመቆም ይመቻል። የላንጋኖን ውሃ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ መልኩ ወተት የበዛበት ሻይ ነው።

ሁለተኛው እሑድ ስለ ዓሣው ሆነ። ባስ የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው። አፈ ሰፊ ነው፤ ሣርና ግንድ ሥር አድፍጦ ያለፈውን ላፍ ያደርጋል። ሲርበው ብቻ አይደለም የሚነክሰው፤ ሲናደድም ይነክሳል። ስለዚህ ትል መቆፈር ሳያስፈልግ ከእንጨት፣ ከላስቲክ ወይም ከቆርቆሮ የተሠራ የውሸት ዓሣ ፊቱ ላይ መጎተት ይበቃል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1932 ጆርጂያ ውስጥ የተያዘው ባስ ከ10 ኪሎ ጥቂት አለፈ ተብሎ እስከ ዛሬ ይወራለታል፤ በ2009 ጃፓን ውስጥ ቢዋ ሐይቅ ላይ የተያዘ ሌላ ባስ ተስተካከለው እንጂ በግልጽ የበለጠው የለም።

«የእኛዎቹስ?» አለኝ። እዚህ ላይ አጎት መሆኔን የማስመሰክርበት ተራ ደረሰኝ። ገበያችንን የሞላው ቆሮሶ አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘው ከአልጌ ነው፤ የውሸት ዓሣ በአፍንጫው ሥር ቢያልፍ ዞር ብሎም አያየው። አዳኝ ከተባለ አዳኙ የአርባ ምንጭ ሰው «ነጭ ዓሣ» የሚለው የጫሞው ናይል ፐርች ነው፤ ከ100 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ዳሩን ግን አዞ ይጠብቀዋል። ጣና ላይ ካሉት 15 ገደማ የባርበስ ዝርያዎች 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። በባሌ ወንዞች ደግሞ ከኬንያ የመጣ ትራውት አለ። ላንጋኖ ላይ የውሸት ዓሣ የሚያባርር ከተገኘ ወይ ቢልጫ ነው ወይ ያ ጢማሙ አምባዛ።

«እንግዲያው የኔን ዘንግ አላመጣልህም» አለ። በጣም የሚወደውን፣ ውድ ዋጋ ያወጣበትን የባስ ዘንግ ሊሰጠኝ አስቦ ኖሯል። «ለጫሞ ይሰበርብሃል፣ ላንጋኖ ላይ ደግሞ አይመችህም።» የሰው ወርቅ አያደምቅ ማለት ይሄ ነው። እሱ ግን ተረቱን ሳያውቅ ነው የደረሰበት።

ሦስተኛውና አራተኛው እሑድ ዘንግ ተማርኩ። ለካ ዘንግ ዝም ብሎ ዱላ አይደለም። ከእጀታው ከፍ ብሎ የተጻፈበት አለ። መቼም ማንበብ ሥራዬ ስለነበር ፎቶውን አጉልቼ አነበብኩት። አንደኛ ርዝመቱ። ረጅም ዘንግ አርቆ ይወረውራል፤ አጭሩ ደግሞ ሣርና ቁጥቋጦ ባለበት ለማነጣጠር ይመቻል። ሁለት ሜትርና ከዚያ ጥቂት ያለፈው የመካከለኛ ነው። ሁለተኛ ጉልበቱ፤ ለመታጠፍ ስንት ክብደት ይፈልጋል ነው ነገሩ። ሦስተኛ ባሕርዩ፤ የት ቦታ ላይ ይታጠፋል ነው። አንዳንዱ ጫፉ ላይ ብቻ ይታጠፋል። እሱ አንድ መንጠቆ ብቻ ላለው የላስቲክ ትል ነው፤ ዓሣው ሲነካ ወዲያው መንጭቀህ መንጠቆውን ትሰካለህ። ሌላው እስከ ወገቡ ይታጠፋል። እሱ ባለ ሦስት ጣት መንጠቆ ላላቸው የውሸት ዓሣዎች ነው። ለምን ቢሉ፣ ደረቅ ዘንግ ቸኩሎ መንጠቆውን ከዓሣው አፍ ይነጥቃል፤ ለስላሳው ግን ዓሣው አፉን እስኪገጥም ይታገሣል።

አራተኛው ነገር ዋነኛው ነው። ዘንጉ የሚችለው የውሸት ዓሣ ክብደት በላዩ ተጽፏል፤ ለምሳሌ ከ7 እስከ 21 ግራም። ከዚያ በታች ብትወረውርበት ዘንጉ አይሰማህም፤ አይታጠፍም፤ ክሩም እግርህ ሥር ይወድቃል። ከዚያ በላይ ብትጭንበት ይሰበራል። «ስለዚህ ጋሼ፣ ዘንግ ገዝተህ የውሸት ዓሣ አትፈልግለትም። መጀመሪያ የምትወረውረውን ትመርጣለህ፣ ከዚያ የሚችለውን ዘንግ ትፈልጋለህ።» ይህን የሰማሁ ቀን ማታ፣ በሰባት ግራም ተማሪ ላይ ሃያ አንድ ግራም የጫንኩባቸውን ሴሚስተሮች ስቆጥር አመሸሁ።

ቀጥሎ ማጠንጠኛው መጣ። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከዘንጉ በላይ ይቀመጣል፤ የባስ ሊቃውንት የሚወዱት እሱን ነው። ከባድ ክር ይችላል፣ ዒላማ አይስትም። ግን ሲወረወር እንዝርቱ ራሱ ስለሚሽከረከር፣ በአውራ ጣትህ ካልተቆጣጠርከው ክሩ ከመውጣት ቀድሞ እየተተረተረ የወፍ ጎጆ ይሠራል። ያንን ሲፈቱ ማምሸት ነው። ሁለተኛው ከዘንጉ ሥር ይንጠለጠላል። እንዝርቱ ቆሞ ክሩ ብቻ ይመዘዛል። ለጀማሪ ይመቻል፣ ቀላል የውሸት ዓሣም አርቆ ይወረውራል። ማርሽም አለው። አንዱ እጀታውን አንዴ ስታዞረው አምስት ጊዜ ይዞራል፤ ውሃ ውስጥ ጠልቆ ለሚከብድ የውሸት ዓሣ ጉልበት ይሰጣል። ሌላው ሰባት ጊዜ ይዞራል፤ የላላ ክር ቶሎ ለመሰብሰብ ነው። የእኔ ስድስት ገደማ ሆነ። መካከለኛ ሰው፣ መካከለኛ ማርሽ።

ፍሬንም አለው። ክሩ አራት ኪሎ ተኩል ይችላል ብንል፣ ፍሬኑ ወደ አንድ ከሩብ ኪሎ ላይ ይስተካከላል፤ የክሩን አቅም ሩብ ወይም ሢሶ መሆኑ ነው። ዓሣው ከዚያ በላይ ከጎተተ ማጠንጠኛው እየጮኸ ክር ይለቃል። «ለምን ይለቃል? አጥብቄ ብይዘውስ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ይበጠሳላ» አለኝ።

ዘንጉ ተመረጠ። ሁለት ሜትር ከአሥር፣ መካከለኛ ጉልበት፣ ከሥር የሚንጠለጠል ማጠንጠኛ። አንድ ወጥ ዘንግ የዓሣውን ንክሻ የበለጠ ያሰማል ቢባልም ሻንጣም ሚኒባስም ስለማይችለው ለሁለት የሚፈታው ተወሰነ። ለድፍርስ ውሃ ደግሞ ዓሣው ባያይ እንኳ ንዝረቱ እንዲሰማው ሲጎተት የሚሽከረከር ቆርቆሮ ያላቸው የውሸት ዓሣዎች ተመረጡ። ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ። የእህቴ ልጅ ግን ስልኩን ሳይዘጋ ትንሽ ቆየና እንዲህ አለኝ፤

«ጋሼ፣ ሆራ ልትወስደኝ ነበር እኮ። ታስታውሳለህ?»

አላስታወስኩም። እሱ ሲነግረኝ ግን ተራ በተራ መጣልኝ። 1996 ዓ.ም. ክረምት ነው። ዲቪ ደርሷቸው እናትና ልጅ ሊሄዱ ሳምንታት ቀርተዋል። እሱ የአሥር ዓመት ልጅ ነው። ቢሾፍቱ ሆራ ሐይቅ ወስጄ ዓሣ እናጠምዳለን አልኩት። ሽመል ፈልጎ አመጣ፣ በምላጭ ላገው፣ ሲባጎ አሰረበት፣ በር ኋላ አቆመው። ቅዳሜ ሲመጣ የማርመው የፈተና ወረቀት ነበረኝ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ ነበረኝ። ከዚያ ቅዳሜዎቹ አለቁ።

«እዚህ ከመጣን በኋላ» አለ፣ «ጎረቤታችን አንድ ጡረተኛ ነበር። ሲያየኝ ዓሣ ታጠምዳለህ ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። ውሸቴን ነበር።»

ከዚያ ጠየቀኝ። «ሽመሉን ምን አደረግኸው?»

«ያለ ይመስለኛል» አልኩ።

አልነበረም። ጫፉ ላይ መጥረጊያ ታስሮበት የጣሪያ ሸረሪት ድር ሲጠርግ ኖሮ፣ ከመካኒሳ የኪራይ ቤት ስንለቅ እዚያው ቀርቷል።

እናንተዬ፣ ባለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላል ያገሬ ሰው። እኛ ተረቱን የምናውቀው ለሹመትና ለርስት ነው። እነሱ «ምን ላምጣልህ» ይሉናል፤ ይህች ጥያቄ ግን ስለ ሻንጣው ኪሎ እንጂ ስለ እኛ አይደለችም። እኛም «ምንም» እንላለን፤ መልሱ ስለ ይሉኝታችን እንጂ ስለ እነሱ አይደለም። ሃያ ዓመት ሙሉ ስጦታ ሲመላለስ፣ ሐዋላ ሲላክ፣ ማናችንም ስለ ማናችን ውሃ አልጠየቅንም። ጫማው የጠበበው እዚያ ላይ ነው። ልጁ ዘንግ ሊመርጥልኝ ሲል ግን የቆምኩበትን፣ የክንዴን ጉልበት፣ ያለኝን ጊዜ ሁሉ ጠየቀኝ። እኔስ? ከሄደ ጀምሮ «መቼ ነው የምትመጣው?» ከማለት ሌላ የጠየቅሁት ነገር ካለ ንገሩኝ።

ለገና መጣ፣ ዘንጉም መጣ። ከላንጋኖ በፊት ልምምድ ያስፈልጋል ተብሎ ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ወረድን። በውሸት ዓሣው ፋንታ ከጋራዥ የተገዛ ዳዶ ክሩ ላይ ታሰረ፤ መኪና በሌለበት በኩል አንድ ባልዲ ተቀመጠ፤ ዒላማው እሱ ነው። የሰፈሩ ልጆች ከበቡን። ዘበኛችን ቀረብ አሉና «ጋሼ፣ እዚህ ምን ይያዛል ብለው ነው?» አሉኝ። በሃያኛው ውርወራ ዳዶው ባልዲውን መታ፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። ፍሬኑን በሱቁ ሚዛን አስተካከልነው። ባለሱቁ «አንድ ከሩብ... ስኳር ነው?» ብሎ ነበር።

ላንጋኖ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ወረወርን፤ ምንም። ከእኛ ሃምሳ ሜትር ርቆ አንድ ልጅ ክሩን በፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ ጠቅልሎ፣ በትል ቆሮሶ ያወጣል። በየመሃሉ የእኛን ዕቃ አይቶ በአክብሮት ፊቱን ያዞራል። ሳቃችንን እንዳይሰማ አፋችንን ያዝን። ስለ ሽመሉ እውነቱን የተናገርኩት ያኔ ነው። የእህቴ ልጅ ውሃውን እያየ «እናቴ ነግራኛለች» አለ። «ቢያንስ ሥራ ላይ ውሏል።»

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ዘንጌ ወደታች ተቀለበሰ። ማጠንጠኛው ጮኸ። ክሩ ይሄዳል! እኔ በድንጋጤ እንዝርቱን በመዳፌ ልይዘው ስል፣

«ተወው ጋሼ፣ ተወው ይሂድ! አታስጨንቀው። ሲደክመው ይመጣል።»

ተውኩት። ሄደ፤ ቆመ፤ ሰበሰብኩ፤ ደግሞ ሄደ። በመጨረሻ ጢማሙ አምባዛ ዳር ወጣ፤ ሦስት ኪሎ ቢሆን ነው። ለዚያ ባለ ጠርሙስ ልጅ ሰጠነው፤ እሱም በለውጡ ሁለት ቆሮሶ አስያዘን። እጄ ለረጅም ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ነበር። ያቺን ከኋላ ወንበር የጠየቀችኝን ተማሪ ባገኛት መልስ አለኝ፤ አሁን የት እንዳለች ግን አላውቅም። እሷንም አልጠየቅኋትም ነበር።

ዘንጉ ዛሬ ለሁለት ተፈትቶ በር ኋላ ቆሟል። ባለቤቴ የሸረሪት ድር ስታይ ወደሱ ማየት ጀምራለች፤ አልሰጥም ብያለሁ። እሑድ ስልክ ሲደወል ደግሞ አሁን የምቀድመው እኔ ነኝ።

«ፖቶማክ እንዴት ነው ዛሬ?» እለዋለሁ። «ጥርት ብሏል ድፍርስ ነው?»

እሱም ይነግረኛል።